የአያቴ የብረት ድስት ዝጓል፤ ይድናል ወይስ ለቆራሌው ልስጠው?

የአንኮበሯ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አያቴ ካረፉ በኋላ የአንኮበሩን ቤት ስናጸዳ ከማድቤቱ ጥግ፣ ከገብስ ጎታው ኋላ፣ ሁለት የብረት ዕቃ አገኘን። አንዱ ሦስት እግር ያለው ጥቁር ድስት ነው። ክዳን አለው፤ ለብቻዬ ማንሳት አቃተኝ። ሌላው እጀታው አብሮት የተሠራ መጥበሻ ነው። ሥሩ ላይ 8 ቁጥርና ፊደል መሳይ ነገር ይታያል።

የሁለቱም ውስጥ ቀይ ዝገት ነው። ውጫቸው ላይ የስንት ዘመን ጥቀርሻና ቅባት ተጋግሯል። ታናሽ ወንድሜ “ትልቅ እሳት አንድደን እንጨምራቸው፣ ሁሉም ይራገፋል” ይላል። እናቴ “ቅቤ ቀብተሽ አስቀምጪ” ትላለች። ቆራሌው በኪሎ ልግዛሽ ብሎ ሁለቴ ተመላልሷል። ጎረቤታችን ደግሞ “ይሄ እኮ የምኒልክ ግቢ ዕቃ ነው” አሉ። ማንን ልስማ? ቢጸዳስ ወጥ ይሠራበታል? እንጀራስ?

ከሸዋ ሮቢት፦

ስጪውና ተገላገዪ። እኔ የእናቴን ሸጬ የማይዝ መጥበሻ ገዛሁ። ቀላል ነው፣ አይዝግም። ምን ያደክምሻል?

ብረት ለቃሚው፦

እህቴ፣ ቆራሌውን ከደጅ መልሺው። የሸዋ ሮቢቱንም ወንድሜን ይቅር ይበለው።

ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። በገበያ ቀን ሰው በግ ሲያማርጥ እኔ ቁርጥራጭ ብረት ተራ ነኝ። ባለቤቴ “ሰው ሲያረጅ ገዳም ይገባል፣ አንተ ቆራሌ ተራ” ትለኛለች። ምክሬን ይህን አውቀሽ ውሰጂው።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ ለዪ። ከበርሜል ተቆርጦ የተሠራ ምጣድ ስስ ነው፤ ሲመታ ይጎደጉዳል እንጂ አይሰበርም። ያንቺ ያን ያህል ከከበደ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። የእኛ አገር ቀጥቃጭ ብረቱን እያጋለ ይቀጠቅጣል እንጂ እንዲህ ያለ ድስት አያፈስም። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ነው። የምኒልክ ግቢውን ወሬ ግን ተዪው። አንኮበር ውስጥ ያረጀ ማንኪያ ሁሉ የግቢ ነው! ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ ላይ ትልቅ የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ነበር። ከባሕር በር በግመል የተጫነ ዕቃ እዚያ ይራገፍ ነበር። በኋላ ደግሞ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ድስትሽ በየትኛው እንደመጣ እኔም ጎረቤትሽም አናውቅም።

ቀጥሎ ስንጥቅ ፈልጊ። መጥበሻውን በገመድ አንጠልጥለሽ በእንጨት ማንኪያ መታ አድርጊው። ጤነኛ ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል። ድምፁ ታፍኖ ከቀረ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀ ብረት በጋለ ቁጥር ስንጥቁ ስለሚሰፋ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው እንጂ እሳት አታሳዪው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። በእናትሽ አስቁሚው። ይህ ብረት ውስጥ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ካርቦን አለ። ጠንካራ ነው፤ ግን ተሰባሪ ነው። ትልቅ እሳት ውስጥ ሲገባ አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ይግላል፤ ያኔ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቢተርፍ እንኳ እስኪቀላ የጋለ ገጽ ቀላ ብሎ ይሻክራል። ከዚያ ወዲያ ዘይት አይቀበልም። ገበያ ላይ ከማየው ጥሩ መጥበሻ ብዙውን የገደለው ይሄ ነው፤ ዝገት አይደለም። ዝገት ይለቃል።

የተጋገረውን ቅባትና ጥቀርሻ የሚያወርደው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ለ20 ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበቃል። ውሃውን በፕላስቲክ በርሜል ቀድመሽ ሙዪ፣ ሶዳውን በላዩ ጥቂት በጥቂት ጨምሪ። በተቃራኒው ካደረግሽው ፈልቶ ፊትሽ ላይ ይረጫል። የላስቲክ ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ልጅና ዶሮ የማይደርስበት ደጅ ይሁን። አልሙኒየም እንዳታስጠጊበት፤ ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ሥራው ከቆላው ይዘገያል። ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አድርጊውና በየጥቂት ቀኑ አውጥተሽ ፈግፍጊ።

ኮስቲክ ዝገት አይነካም። ለዝገት አቼቶ ነው፤ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል። በየግማሽ ሰዓቱ አውጥተሽ በሽቦ ፍቂ። አሳድሬ ጠዋት አየዋለሁ እንዳትዪ። አሲዱ ዝገቱን ሲጨርስ ብረቱን ይጀምራል።

ካጠብሽው በኋላ ስልክ ቢጠራም አታንሺ። እርጥብ ብረት ዓይንሽ እያየ ይዝጋል። ወዲያው ምድጃ ላይ ጥደሽ አድርቂው።

ከዚያ ማሟሸት ነው። እዚህ ላይ እናትሽን አስገቢ፤ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ያሟሸ ሰው ትዕግሥቱን ያውቀዋል። ቅቤውን ግን ተዪው። ውሃና የወተት ትርፍ አለበት፤ ያርራል፣ ሰንብቶም ይሸታል። የተልባ ዘይት ኢንተርኔት ላይ ይወደሳል፤ ፈጥኖ ይደርቃል፣ ግን ብዙ ጊዜ እየተላጠ ይነሳል። እኔ ኑግ ነው የምጠቀመው። የኑግ ዘይት በሙቀትና በአየር ይጠነክርና ብረቱ ላይ ስስ ቆዳ ይሆናል። ምግብ እንዳይዝ የሚያደርገው ያ ቆዳ ነው። ለመጥበሻ ከኑግ የሚበልጥ ዘይት አገራችን ውስጥ አላየሁም፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ሞቅ ያለውን ብረት ከውስጥም ከውጭም ቀቢው። ከዚያ ዘይት ነክቶት የማያውቅ እስኪመስልሽ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ይህን የሚሰማኝ ሰው የለም። ሁሉም “ትንሽ ይቅርበት” ይላል፤ የቀረው ትንሽ ሙጫ ይሆናል። ኦቨን ካለሽ ደፍተሽ 230 ዲግሪ ገደማ ላይ ለአንድ ሰዓት ተዪው፣ እዚያው ይብረድ። ከሌለሽ በረጋ የባሕር ዛፍ ፍም ላይ ደፍተሽ፣ ጭሱ እስኪያቆም ጠብቂ። ነበልባል አይሁን። ሦስት አራት ጊዜ ድገሚው።

የጋራዥ ልጅ፦

ጋሼ የጻፉት ልክ ነው። ጋራዥ ውስጥ ጊዛ የምንለው ብረት ነው። ድስቱ ትልቅ ከሆነ አቼቶው ብዙ ይፈልጋል። የባትሪ ቻርጀር ያለው ሰው ካለሽ በኤሌክትሪክ ማውጣት ይሻላል። ፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ውሃ፣ ለ4 ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት፤ ኮስቲኩ አይደለም)። ኔጌቲቩ ድስቱ ላይ፣ ፖዘቲቩ አሮጌ ቁራጭ ብረት ላይ፤ ሁለቱ አይነካኩ። ከተገላበጠ የሚበላው ድስትሽ ነው። ቁራጩ የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ) እንዳይሆን፣ መርዛማ ክሮምየም ያወጣል። ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቆ ይሁን፤ ሃይድሮጅን ይወጣል። እጅሽን ከመክተትሽ በፊት ከሶኬት ንቀዪ።

ሌላው፣ የመጥበሻውን ታሪክ ጠይቂ። አንዳንድ አሮጌ ዕቃ የባትሪ እርሳስ ሲቀልጥበት የኖረ ነው። እንዲህ ያለው ቢታጠብም ቢፋቅም ለምግብ አይሁን።

እናት ከደብረ ሲና፦

ልጄ፣ እኔ እንኳ ስለ ኮስቲኩ አላውቅም። እንዲህ ያለ መጥበሻ ግን አለኝ፤ ገብስ እቆላበታለሁ። ለቆሎም ለበሶም እሱ ነው። ቶሎ አይግልም፣ ከጋለ ደግሞ ቶሎ አይበርድም፤ ስለዚህ እሳቱን ቀንሺው። የጣርማበር ጉም ሲወርድብን ቤቱ ሁሉ ይረጥባል። ድስቱን ክዳኑን ገጥመሽ አታስቀምጪ። በመሐል ጋዜጣ አድርጊ፣ አየር ይግባው።

የአንኮበሯ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሳቱ ቀርቷል፤ ወንድሜ አኩርፏል። መጥበሻውን ኮስቲክ ውስጥ ከትቼ አወጣሁት። ሥሩ ላይ ስም የለም። 8 ቁጥርና አንድ የላቲን ፊደል ብቻ ነው። አጎቴን ስለ እርሳሱ ጠየቅኩት፤ “ሽንኩርት እንጂ ሌላ አልቀለጠበትም” አለኝ። የወጡንና የእንጀራውን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም። ደግሞስ በሳሙና ይታጠባል?

ብረት ለቃሚው፦

እንጀራውን እርሺው። የአንድ ሰው ቂጣ የሚያክል መጥበሻ ነው ያለሽ።

ለወጥ፣ ሽሮና ምስር ምንም አይሉትም። ቲማቲም የበዛበት ወይም ሎሚ የገባበት ነገር ግን ያሟሸሽውን ቆዳ ያነሳዋል፣ ወጡም ብረት ብረት ይላል። ቆዳው እስኪጠና ድረስ ቆሎ ቁዪበት፣ ሽንኩርት አቁላዪበት። ወጥ አታሳድሪበት። ትልቁ ድስት ለንፍሮ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላው አይበስልም ብለን የምንማረረው ለዚህ ነው። ወፍራም ብረት እሳቱ ቢደክምም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

በሳሙና እጠቢ። ሳሙና ክልክል ነው የሚባለው የድሮ ሳሙና ኮስቲክ ስለሚተርፍበት ነው። የዛሬው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ቆዳውን አይነካም። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው ነው የሚጎዳው።

8 ቁጥር የአሜሪካኖቹ ልማድ ነው። የድሮ የእንጨት ምድጃቸውን ቀዳዳ ተከትሎ የወጣ መለኪያ እንጂ ኢንች አይደለም። አፉን ለኪው፤ 26 ወይም 27 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በዚያ ልክ የተሠራ ነው። ሰብሳቢዎች የሚጣሉበት የፔንሲልቫኒያው ግሪስዎልድ ነው፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1957 ተዘጋ። የሱ ቢሆን ስሙና የከተማው የኤሪ ስም ሥሩ ላይ ይነበብ ነበር። ስም የሌለው መጥበሻም ብዙ ነው፤ ፋብሪካዎች ለሱቆች ስም ሳያትሙ ያፈሱ ነበር። ለሰብሳቢ ዋጋው ይቀንሳል። ለገብስ ያው ነው።

ድስቱን ስታጸጂ ሆዱን ገልብጠሽ እዪው። ከሥሩ መሐል ጠባሳ የመሰለ ቀጥ ያለ ረጅም መስመር ካገኘሽ የቀለጠው ብረት የገባበት በር ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ ማፍሰስ እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ቀርቷል፤ አውሮፓ ውስጥ ግን የቀጠሉበት ስላሉ መስመሩ ብቻውን ዕድሜ አይነግርም። ፎቶ አንሥተሽ ለጥፊው፣ አየዋለሁ። ሽጪልኝ አልልም፤ ባለቤቴ ይህን ታነባለች።