7 ውድድር፣ 0 ነጥብ፦ ዴቪድ ፐርሊን የሚያስታውስ አለ?

ካንቢዮ ሰሪው (አለም ገና)፦

ሰላም ለቤቱ። አለም ገና፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። የሚመጣልኝ በብዛት አይሱዙ ነው፤ ካንቢዮና ፍሪሲዮን። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እንዳትደናገሩ።

አብረውኝ የሚሰሩት ልጆች የፎርሙላ ዋን ሱሰኞች ናቸው። እሁድ እሁድ አንዱ ስልኩን ኮፋኖ ላይ ያስደግፋል፣ ሌሎቹ በቅባት እጃቸው ይከቡታል። ለእነሱ ዓለም ሃሚልተንና ቬርስታፐን ናት። እኔ የድሮዎቹን ነው የምወደው። ባለፈው የእህቴ ልጅ ታላላቅ የእንግሊዝ ሾፌሮችን ሲደረድር "ዴቪድ ፐርሊን የት ጣልከው?" አልኩት። ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ 7 ውድድር፣ 0 ነጥብ! ይሄም ሾፌር ተብሎ?"

ቁጥሩ ልክ ነው። ትልቁ ውጤቱ 1973 ጣሊያን፣ ሞንዛ ላይ 9ኛ መውጣቱ ነው። ያኔ ነጥብ የሚሰጠው እስከ 6ኛ ለወጣ ብቻ ነበር። ዛሬ ቢሆን 2 ነጥብ ይይዝ ነበር፤ ግን ይሄን ብዬ አልተከራከርኩም።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ፐርሊ 1945 ቦግኖር ሪጂስ በምትባል የእንግሊዝ የባህር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ሌክ የሚባል የፍሪጅ ፋብሪካ ነበራቸው። የሀብታም ልጅ ነው፣ አልደብቅም። ግን ፍሪጅ እየሸጠ ከመኖር ይልቅ ወታደር ሆነ፤ በፓራሹት ክፍለ ጦር መኮንን ሆኖ የመን፣ ኤደን ድረስ ዘምቷል። ከጦር ሰራዊት ሲወጣ ኤሲ ኮብራ የሚባል የስፖርት መኪና ይዞ ውድድር ጀመረ። የቤልጂየሟ ሺሜ ላይ ከፎርሙላ ዋን በታች ባለው በፎርሙላ ስሪ 1970፣ 71 እና 72 ሦስቱንም ዓመት በተከታታይ አሸንፏል። ሺሜ ለውድድር ተብሎ የተሠራ ሜዳ አይደለም፤ ሰዉ በአዘቦት ቀን የሚሄድበት የገጠር አስፋልት ነው። እዚያ ሦስት ጊዜ የሚያሸንፍ ሰው እግሩ ቀልድ አያውቅም። 1973 በቤተሰቡ ብር ማርች የሚባል መኪና ይዞ ፎርሙላ ዋን ገባ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የዚያው 1973 ሐምሌ ወር፣ 29ኛው ቀን በፈረንጅ፣ ዛንድቮርት፣ ሆላንድ። ከፐርሊ ፊት የሚነዳው ሮጀር ዊሊያምሰን ነበር፤ የ25 ዓመት እንግሊዛዊ ልጅ፣ የፎርሙላ ዋን ሁለተኛ ውድድሩ። የ1971 እና የ72 የእንግሊዝ ፎርሙላ ስሪ ሻምፒዮን ነው፤ ተስፋ የተጣለበት። ውድድሩ 72 ዙር ነው፣ ገና 8ኛው ላይ ናቸው። ማለትም ታንኩ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። የዊሊያምሰን ጎማ ተበላሸ፣ መኪናዋ የዳር ብረቱን መታች፣ ተገለበጠች፣ በጀርባዋ እየተንሸራተተች እሳት ያዛት። ልጁ በአደጋው ክፉኛ አልተጎዳም ነበር። ግን መኪናዋ ተደፍታበታለች፤ መውጫ የለውም።

ፐርሊ ቆመ። የራሱን መኪና ዳር ጥሎ፣ ሌሎቹ በሙሉ ፍጥነት የሚያልፉበትን መንገድ በሩጫ አቋረጠ። ጎማዋን ይዞ ብቻውን ሊገለብጣት ሞከረ። አልቻለም። አንድ እሳት ማጥፊያ ቀምቶ እስኪያልቅ ረጨ። እንደገና ሊያነሳት ሞከረ። ዳር የቆሙት የውድድሩ ሠራተኞች እሳት የሚችል ልብስ አልነበራቸውም፤ ጠጋ ይሉና ይመለሳሉ። ለሚያልፉት ሾፌሮች በእጁ እያመለከተ ለመናቸው። ማንም አልቆመም። ውድድሩም አልቆመም። የእሳት አደጋ መኪና ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ዊሊያምሰን እዚያው ሞተ። ፐርሊ በሰዎች ተደግፎ ሲሄድ ያለውን ምስል ያየ ሰው አይረሳውም።

እንግሊዝ ለጀግንነት የሚሰጠውን የጆርጅ ሜዳሊያ ሸለመችው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሌሎቹ ሾፌሮች ለምን አልቆሙም? ይሄን ልጆቹም ጠይቀውኝ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁም። ሌላው 1977 ሲልቨርስቶን ላይ ደርሶበት ስለተረፈው አደጋ ነው፤ የመሬት ስበት 179.8 እጥፍ የሚባለው። የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ ይሄስ ተረት ነው" አለኝ። ስሌቱን የሚችል ይርዳኝ።


ለገጣፎ_መሪ_ጨባጭ፦

ወንድሜ፣ ዛንድቮርትን ስላነሳህ እግዜር ይስጥህ። ስለ ሾፌሮቹ እኔ ትንሽ ልከራከርላቸው።

እስኪ ከመሪው ኋላ ተቀምጠህ አስበው። ጭስ ታያለህ። አንድ የተገለበጠ መኪና አለ። አጠገቡ ሄልሜት ያደረገ ሾፌር በእግሩ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። ምን ትላለህ? "ተመስገን፣ ሰውየው ወጥቷል" ትላለህ። ብዙዎቹ ያሉት ይሄንኑ ነው። ፐርሊን የተገለበጠችው መኪና ባለቤት መሰላቸው። መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ ያወቁት ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው።

እኔ የምናደደው በሾፌሮቹ ሳይሆን በአዘጋጆቹ ነው። የሚውለበለበው "ተጠንቅቀህ እለፍ" የሚለው ቢጫ ባንዲራ ብቻ ነበር። ውድድሩ ቢቆም የእሳት መኪናው አቋርጦ ይደርስ ነበር። ደግሞ ማስጠንቀቂያ አጥተው አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ 1970፣ እዚያው ዛንድቮርት ፒርስ ኮሬጅ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ እሳት በያዛት መኪናው ውስጥ ሞቷል። ያንንም ሰው ረስቶታል። በሦስት ዓመት ውስጥ ለሠራተኛ እሳት የሚችል ልብስ መግዛት አቅቷቸው ነው?

ያን ቀን ያሸነፈው ጃኪ ስቱዋርት ነበር። 26ኛ ድሉ፣ የጂም ክላርክን ሪከርድ የሰበረበት። ማን ደስ ሊለው!


ሰበታ_ፊዚክስ፦

የስሌቱን ነገር ለእኔ ተዉት። ስራዬ ነው፣ ልጆች አስተምራለሁ።

የተመዘገበው ይሄ ነው፦ መኪናዋ በሰዓት 173 ኪሎ ሜትር እየሄደች 66 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ዜሮ ሆነች። 173 ማለት በሰከንድ 48 ሜትር ነው። 48ን በራሱ አባዙት፣ 2304። ይህን የ66 ሳንቲ ሜትር እጥፍ በሆነው 1.32 ሜትር አካፍሉት፣ 1745 ይመጣል። ለ9.8 ስታካፍሉት 178። ቁጥሮቹን ስላጠጋጋሁ ነው እንጂ ያው 179.8 ነው። ተረት አይደለም በለው ለእህትህ ልጅ።

ምን ማለት እንደሆነ በኩንታል ላስረዳ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያች ቅጽበት ቀበቶው ላይ የሚያርፈው ከ120 ኩንታል በላይ ሆኖ ነው። የእናንተ አይሱዙ ይህን አይጭንም።

"ታዲያ እንዴት ተረፈ?" ካላችሁ፣ መልሱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ሁሉም ያለቀው ከሰከንድ መቶኛ ሦስት ባልሞላ ጊዜ ነው። ስታፕ የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም 1954 በሮኬት በሚገፋ ጋሪ ራሱ ላይ ሙከራ አድርጎ የመሬት ስበት 46.2 እጥፍ ድረስ ሄዷል። የእሱ ግን ለመቆም ከአንድ ሰከንድ በላይ ፈጅቷል። ሰውነት ኃይሉን ብቻ ሳይሆን የቆይታውንም ርዝመት ይቆጥራል። ሌላው ደግሞ የመኪናዋ አፍንጫ መጨማደዱ ነው። 66 ሳንቲ ሜትሩ የመጣው ከዚያ ነው። ባትጨማደድ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነበር።


ቱሉ_ዲምቱ_አርባ፦

ጀግና ነው፣ አልክድም። ግን ጀግንነትና ሾፌርነት ለየቅል ናቸው። አሁን ሁላችሁም ስለ ዛንድቮርት ነው የምታወሩት። ሰውየው ግን ያለዚያም ታሪክ አለው። 1976 በሼቭሮን መኪና የእንግሊዝን ሼልስፖርት ሻምፒዮና አሸንፏል። ሙሉ ዓመት ተወዳድሮ፣ አንደኛ! ለእህትህ ልጅ መጀመሪያ ማሳየት የነበረብህ ይሄን ነበር። ሜዳሊያውን ስታስቀድምበት ልጁ "ጥሩ ሰው፣ ደካማ ሾፌር" ብሎ ያስባል።

ስለ እሳት ማጥፊያው አንድ ነገር ልበል። ፐርሊ እጅ የገባው አንድ ማጥፊያ ነው፣ እሱም አለቀ። እኛ አንድም የለንም። ቦሎ ሲደርስ ከጎረቤት ተውሰን እናሳያለን፣ በማግስቱ እንመልሳለን። ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች፣ እስኪ እውነቱን ተናገሩ፤ ከሚመጡላችሁ መኪናዎች ስንቱ ውስጥ የሚሠራ ማጥፊያ አለ?

ሌላው፣ የዊሊያምሰንም መኪና ማርች ነበረች፤ የዚያን ጊዜ ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ክብደት 575 ኪሎ ነው። ቪትዝ ከዚያ ይከብዳል። ቪትዝ ደግሞ እዚህ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ ሲገለበጥ አራት አምስት ጎረምሳ "ሆ!" ብሎ ሲያነሳው አይቻለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው። ሦስት ሰው ቢያግዘው ያ ልጅ ይወጣ ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።


ካንቢዮ ሰሪው (አለም ገና)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፊዚክስ፣ ስሌትህን ካርቶን ላይ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የእህቴ ልጅ በስልኩ ካልኩሌተር ደጋግሞ ሠራው። ዝም ብሏል።

ቱሉ ዲምቱ፣ የእሳት ማጥፊያው ነገር እውነት ነው። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ የላቸውም፤ ያላቸውም መርፌው ቀዩ ላይ ነው። ስለ ሼልስፖርቱ ግን ትንሽ ልጨምር፤ ምክንያቱም ለእኔ የሰውየው ትልቁ ታሪክ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ምን አደረገ? የራሱን ፎርሙላ ዋን መኪና አሠራ። ማይክ ፒልቢም የሚባል መሐንዲስ ነደፈለት፣ ሞተሩ ያው ያኔ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ኮስዎርዝ 8 ሲሊንደር ነው። ስሟንም በፍሪጁ ስም ሌክ አላት። ቡድኑን የሚመራለት ማይክ ኧርል ነበር። ትንሽ ቡድን ናት፤ ከፌራሪ ጋር ልትወዳደር! እኔ እንደ ጋራዥ ሰው ይሄ ነው የሚማርከኝ። በትልቅ ቡድን ተቀጥሮ መንዳት አንድ ነገር ነው። የራስህን ካንቢዮ ራስህ አስገጥመህ ፌራሪ አጠገብ መሰለፍ ሌላ ነው።

1977 ዞልደር፣ ቤልጂየም። ዝናብ ነበር። ሌሎቹ ጎማ ሊቀይሩ ሲገቡ ፐርሊ በትንሿ መኪናው ከፊት ካሉት ጋር ተደባለቀ። ከኋላው ኒኪ ላውዳ በፌራሪ። ፐርሊ አልለቅም አለ። ከውድድሩ በኋላ ላውዳ መጥቶ ተቆጣው፣ ጥንቸል ብሎ ሰደበው። ፐርሊ መልስ የሰጠው እንዴት ነው? መኪናው ላይ ጥንቸል አስለጠፈ! እንዲህ ያለ ሰው ነው።

እንግዲህ ላውዳ ራሱ ከእሳት በሰው እጅ ከወጣ ዓመት አልሞላውም። 1976 ጀርመን፣ ኑርበርግሪንግ ላይ ሲቃጠል አራት ሾፌሮች ቆመው አወጡት፦ አርቱሮ መርዛሪዮ፣ ብሬት ላንገር፣ ሃራልድ ኤርትል፣ ጋይ ኤድዋርድስ። ለገጣፎ፣ ለጥያቄዬ ግማሹ መልስ የአንተ ነው፤ ሌላው ግማሽ ይሄ ይመስለኛል። ኑርበርግሪንግ ላይ መንገዱ ተዘግቶባቸው ነበር፣ የሚቃጠለውንም ሰው ዓይናቸው አይቶታል። ስላዩ ቆሙ። ዛንድቮርት ላይ ያየው አንዱ ብቻ ነበር።

ከዞልደር በኋላ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ነው የሲልቨርስቶኑ የደረሰው። ለእንግሊዝ ግራንድ ፕሪ ማጣሪያ ላይ የነዳጅ መስጫው ክፍት እንዳለ ነክሶ ቀረበትና ተጋጨ። እግሩ፣ ዳሌው፣ ጎድኑ ተሰባበረ። ብዙ ቀዶ ጥገና አልፎ 1979 እንደገና መኪና ላይ ወጣ፤ በእንግሊዝ አውሮራ ሻምፒዮና ተወዳደረ። ከዚያ በቃኝ አለ። ግን ቁጭ አላለም፤ በአየር ላይ በሚገለባበጡ ትንንሽ አውሮፕላኖች መብረር ጀመረ። 1985 ሐምሌ ላይ ፒትስ ስፔሻል እያበረረ ከትውልድ ከተማው ፊት ለፊት ባህር ውስጥ ወደቀ። 40 ዓመቱ ነበር።

ዊሊያምሰንን በገንዘባቸው ያስወዳደሩት ሰው፣ ቶም ዊትክሮፍት፣ የዶኒንግተን መወዳደሪያ ባለቤት ነበሩ። እዚያ 2003 ሐውልት ቆሞለታል። ልጁን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት።

የእህቴ ልጅ አሁን ከፐርሊ ወጥቶ ስለ ጋይ ኤድዋርድስ ይጠይቀኛል። እሱም እንግሊዛዊ ነው፣ እሱም ነጥብ የለውም፣ ላውዳን ስላወጣ ሜዳሊያ ተሰጥቶታል። በዚያን ቀን የሚነዳው ሄስኬት ነበር። ለገጣፎ፣ አንተ ጊዜ ካለህ ስለሱ ሌላ ርዕስ ክፈትልን። እኔ ይሄን ሳምንት ሦስት ካንቢዮ ወርዶ መሬት ላይ ነው፣ ቀና የምል አይመስለኝም።