የሚወደድ መጫወቻ ሲዘጋ፦ ልቅሶው መብት ነው ወይስ ቅብጠት?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። አንድ የመዝናኛ ፓርክ ሰው የሚወደውን የድሮ መጫወቻ ሊዘጋ ሲል ሕዝቡ "አይነካብን" የማለት መብት አለው? ወይስ ባለቤቱ በገዛ ንብረቱ ያሻውን ቢያደርግ ማን ምን አገባው? ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጻፉልኝ፣ እንዳንምታታ። ስድብ ክልክል ነው።

ትዝታ፦ እኔ ልጀምር። መብት ነው ባይ ነኝ። ፍሎሪዳ በሚገኘው የዲስኒ ፓርክ፣ ማጂክ ኪንግደም ውስጥ የነበረውን የሚስተር ቶድ (የተረት እንቁራሪት ነው) መጫወቻ ውሰዱ። ፓርኩ በ1971 ሲከፈት ጀምሮ የነበረ ነው። ትንሽዬ መኪና ውስጥ ትቀመጣለህ፣ መሪውን የያዝክ ይመስልሃል፣ እንደ ሰካራም ሹፌር በየቤቱ ጥሰህ ትገባለህ። መጨረሻ ላይ ባቡር ይገጭህና በቀጥታ ሲኦል ትወርዳለህ። ቀንዳም ሰይጣኖች ይቀበሉሃል። በቃ፣ አለቀ፣ ውረድ። ለልጆች የተሠራ መጫወቻ ላይ እንዲህ ያለ አጨራረስ ዛሬ ማን ይፈቅዳል? ሊዘጋ ነው ሲባል ወዳጆቹ አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰው እዚያው ፓርኩ ውስጥ ተሰብስበው ተቃወሙ። የሰማቸው የለም። በሴፕቴምበር 1998 ተዘጋ፣ በዓመቱ ዊኒ ዘ ፑ የሚባለው የተረት ድብ ቦታውን ወረሰ።

ቲኬት፦ "ሲኦል ናፈቀን" ብሎ ሰልፍ የወጣ ሕዝብ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ግን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። አንቺ የከፈልሽው የአንድ ቀን መግቢያ ነው። ገባሽ፣ ተጫወትሽ፣ ወጣሽ። ሒሳቡ እዚያው ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ "የኔ ነው" ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው?

ትዝታ፦ ታዲያ ድርጅቱ ራሱ "የቤተሰባችሁ ትዝታ እዚህ ነው" እያለ አይደል እንዴ የሚሸጥልን? ትዝታ ሸጦልኝ ሲያበቃ ትዝታሽ አያገባኝም ሲለኝ ዝም ልበል?

ቲኬት፦ እሺ፣ ይቺ ነጥብ ትያዝልሽ።

ጥገና፦ ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን ማሽን ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ልብ ስታወሩ ሰማሁ፣ ስለ ቡሎን የሚያወራ ግን አላየሁም። ዩኒቨርሳል የሚባለው ፓርክ ፍሎሪዳ ውስጥ የነበረውን፣ ከጆውስ ፊልም የተወሰደውን የማሽን ሻርክ እዩት። በ1990 ተከፍቶ ወዲያው ብልሽት በብልሽት ሆነ። ዘግተው እንደ አዲስ ሠርተው በ1993 መለሱት። ለምን እንዲህ ሆነ? ነገሩን አስቡት። ከባድ ብረት ውኃ ውስጥ ነክረህ፣ ጀልባ በመጣ ቁጥር ብቅ በል፣ አፍህን ክፈት፣ ተመልሰህ ስመጥ ትለዋለህ። ይሄን ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ። ውኃ ብረት ይበላል። ጎሚኒው ያልቃል። የሃይድሮሊክ መስመር ያፈሳል። እያደር ደግሞ መለዋወጫውን የሚሠራው ፋብሪካ ይጠፋል፣ አንዷን ዕቃ በልክ ማሠራት ግድ ይሆናል። በጃንዋሪ 2012 ሲዘጋ እኔ አልደነቀኝም። የደነቀኝ እስከዚያ መቆየቱ ነው። በቦታው በ2014 የሃሪ ፖተሩ የጠንቋዮች ገበያ፣ ዳያገን አሊ ተከፈተ።

ሰልፈኛ፦ ጋሼ፣ የሚሉት ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የነገሩን። ኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ ያለው ሳይክሎን የእንጨት ሮለር ኮስተር ነው፣ ሽቅብ ቁልቁል በሐዲድ የሚከንፍ መጫወቻ። በ1927 የተሠራ። በ1970ዎቹ ውስጥ ጎኑ ያለው የዓሣ ማሳያ እንዲስፋፋበት ሊፈርስ ታስቦ ነበር። ሰዉ ጮኸ፣ ተሟገተ፣ ተረፈ። ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው። ያኔ "ያረጀ ነገር ነው፣ ይፍረስ" ቢባል ኖሮ አሁን የምንከራከርበትም አይኖርም ነበር።

ጥገና፦ ጥሩ አመጣኸው። ሳይክሎን በጩኸት ብቻ ተረፈ እንዴ? ቦታው የከተማው ነበር፣ እሱ አንድ። ሁለተኛ፣ ጎረቤቱ የነበረው የአስትሮላንድ ፓርክ ባለቤቶች ተከራይተውት፣ ገንዘብ አፍስሰው፣ አድሰው በ1975 አስነሡት። ሌላም ልጨምርልህ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሊፕ ዘ ዲፕስ የሚባል በ1902 የተሠራ ኮስተር አለ። ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሳይክል ይቀድመዋል። በ1985 ተዘግቶ ለዓመታት ቆሞ ከረመ። ወዳጆቹ ገንዘብ አሰባስበው አስጠገኑትና በ1999 ተከፈተ። እንጨት ይመቻል። የበሰበሰውን ሳንቃ ታወጣለህ፣ አዲሱን ትመታለህ፣ ኮስተሩ ያው ኮስተር ነው። የሚናገር አሻንጉሊት፣ መብራት፣ ድምፅ፣ ኮምፒውተር ያለበትን ግን ማን ይረከበዋል? የኔ ጥያቄ ይቺ ናት። "አይዘጋ" የሚል ሰው "እኛ እንረከበዋለን" የሚል አብሮት ይምጣ። ካልሆነ ልቅሶ ብቻ ነው።

አወያይ፦ ጋሼ፣ ክርክሩን ጥሩ ቦታ አደረሱት። ግን አርጅቶ ሳይሆን በታሪኩ ምክንያት የተዘጋስ? የዲስኒን የውኃ መጫወቻ፣ ስፕላሽ ማውንቴንን ማለቴ ነው።

ሰልፈኛ፦ እሱ ላይ እኔ ወገኔን ልቀይር ነው። ካሊፎርኒያ በ1989፣ ፍሎሪዳ በ1992 ነው የተከፈተው። በግንድ ቅርጽ በተሠራ ጀልባ ስትንሳፈፍ ትቆይና 16 ሜትር ገደማ ቁልቁል ትወረወራለህ። መውረዱ ላይ ማንም ቅሬታ የለውም። ታሪኩ ግን የተወሰደው ከ1946ቱ የዲስኒ ፊልም "ሶንግ ኦቭ ዘ ሳውዝ" ነው። ፊልሙ ጥቁር አሜሪካውያንን በሣለበት መንገድ ገና በወጣበት ዓመት ተወግዟል። ድርጅቱ ራሱ አሜሪካ ውስጥ በካሴትም በዲቪዲም ሸጦት አያውቅም። እንግዲህ ራሱ ያፈረበትን ፊልም መጫወቻ አድርጎ ለ30 ዓመት ማስኬዱ ነው ግራ የሚያጋባው። የአንዱ የልጅነት ትዝታ ለሌላው ቁስል ሲሆን የማንኛው ይቅደም?

ትዝታ፦ ኧረ ተው። እዚያ ከተሳፈሩት ልጆች ስንቱ ነው ፊልሙን ያየው? አንተው አልተሸጠም አልክ። ልጁ የሚያውቀው ጥንቸሏን፣ ዘፈኑንና መርጠቡን ነው። ናፍቆቱ የ1946 ናፍቆት አይደለም።

ሰልፈኛ፦ ታዲያ መርጠቡ የት ሄደ? እዚያው ነው ያለው! የውኃው መስመር አልፈረሰም። በላዩ የዲስኒዋን ጥቁር ልዕልት የቲያናን ታሪክ አለበሱት፣ ፍሎሪዳ በጁን፣ ካሊፎርኒያ በኖቬምበር 2024 ተከፈተ። ቁልቁለቱ ያው ነው። የድሮው ካልሆነ የሚል ደግሞ ቶኪዮ ይሂድ፣ እዚያ አልተነካም።

ቲኬት፦ የፍሎሪዳው በጃንዋሪ 2023 ሊዘጋ ሲል ሰዎች ውኃውን በማሰሮና በላስቲክ ቀድተው ኦንላይን ለሽያጭ አቅርበው ነበር፣ ሰምታችኋል? ጠበል መሰላቸው እንዴ!

ትዝታ፦ ሳቅ፣ ሳቅ። እኔ ግን ይገባኛል። ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ሠሪዎቹም ቢሆኑ ይሄ ይገባቸዋል። ሚስተር ቶድን አፍርሰው ባስገቡት የዊኒ ዘ ፑ መጫወቻ ውስጥ፣ የፑ ጓደኛ የሆነው ጉጉት ቤት ጋ ስትደርሱ አንድ ሥዕል አለ። ሚስተር ቶድ የቤቱን ካርታ ለጉጉቱ ሲያስረክብ ያሳያል። ተሳፋሪው ካላስተዋለ ያመልጠዋል። ምንም የማይገባቸው ቢሆኑ ያንን ማን ሣለው?

ቲኬት፦ ስም ማዛወሩ በሕጋዊ መንገድ መሆኑ ደስ ይላል።

ትዝታ፦ አንተ ከቀልድ አትወጣ። ልጨርስ። ጋሼ "ማን ይረከባል" ያሉት አሳምኖኛል። የግል ፓርክ ውስጥ ያለውን ማንም አይረከበውም፣ ተስማማሁ። አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ። ይነገረን! ስፕላሽ ማውንቴን እንደሚቀየር በ2020 ተነገረ፣ የተዘጋው በ2023። ሰው ልጁን ይዞ ሄዶ ተሰናበተ። ኒው ጀርሲ ውስጥ የነበረው ኪንግዳ ካ ግን? ቁመቱ 139 ሜትር፣ እስከ መጨረሻው ቀኑ በዓለም በቁመት ረጅሙ ኮስተር እሱ ነበር። በኖቬምበር 2024 በ10ኛው ቀን ሠርቶ አደረ። "ለዘላለም ተዘግቷል" የሚለው መግለጫ የወጣው በ14ኛው ቀን ነው። መጨረሻው መሆኑን ሳያውቅ የተሳፈረ ሰው አለ። ለዓመታት እየተመላለሰ "የዛሬውን ልለፈውና ሌላ ቀን እመጣለሁ" ያለም አለ። በፌብሩዋሪ 2025 በፈንጂ ጣሉት።

ጥገና፦ ልጄ፣ ቀድሞ ቢነገር የሚመጣውን ሰልፍ አስቢው። ያ ማሽን ሰው በሦስት ሰከንድ ተኩል ውስጥ በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር የሚያስወነጭፍ ነው። ሊጣል ያለ ማሽን ላይ ያን ሁሉ ስንብተኛ መጫን አስተዋይነት ነው ትያለሽ?

ትዝታ፦ ጋሼ፣ ለስንብተኛ የሚያሰጋ ማሽን ከነበረ፣ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ሌላውን ሰው ለምን ጫኑት?

ቲኬት፦ ጋሼ፣ አሁን እርስዎ ነዎት ተረኛው።

አወያይ፦ ድምፅ መስጫውን አቆይቼዋለሁ። መጀመሪያ ጋሽ ጥገና ይመልሱ።