ስዊዘርላንድ ውስጥ በቢ የመኖሪያ ፈቃድ ቤት መግዛት ይቻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች፣ እኔና ባለቤቴ በርን ነው የምንኖረው፣ ሁለታችንም ፓስፖርታችን የኢትዮጵያ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን ቢ (በየጊዜው የሚታደሰው)። ኪራዩ ስለከበደን አፓርታማ ገዝተን አንዱን ክፍል ለማከራየት አስበን ነበር፣ አንድ ወዳጃችን ግን ዜግነት ሳታገኙ አይሸጥላችሁም ሲለን ግራ ገባን። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን።

መልስ 1፦
አይዟችሁ፣ እሱ እንዳለው አይደለም። ሌክስ ኮለር የሚባለው የ1983 እ.ኤ.አ. ሕግ ነው ይሄን የሚወስነው። ቢ ያለው ሰው በሚኖርበት ቦታ ራሱ የሚኖርበትን ዋና ቤት ያለ ልዩ ፈቃድ መግዛት ይችላል። ማከራየቱን ግን እርሱት፣ አንድ ክፍልም ቢሆን አይፈቀድም፣ ይሄን ሳያውቁ ሂሳባቸውን በኪራይ ገቢ ላይ የሚሰሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ሲ ፈቃድ (ቋሚ መኖሪያ) ስታገኙ ግን ገደቡ ይነሳላችኋል፣ እዚህ የሚኖሩ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ደግሞ በቢም ቢሆን እንደ ስዊስ ነው የሚታዩት።

መልስ 2፦
ከሕጉ ይልቅ የሚያስቸግረው ባንኩ ነው። ከዋጋው ቢያንስ 20% ከራሳችሁ ይፈልጋል፣ ከዛ ውስጥ የዋጋው 10% ያህል ከጡረታ ፈንድ ያልወጣ ገንዘብ መሆን አለበት፣ ገቢያችሁንም ወለዱ 5% ቢሆን ትችላላችሁ ወይ ብሎ ነው የሚያሰላው። ቤት ከማየታችሁ በፊት ባንክ ሂዱ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዱባይ ያለው ወንድሜስ ለእረፍት የሚሆን ቤት መግዛት ይችላል?

መልስ 1፦
እሱ የግዢ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ያውም እንደ ዋሊስ ባሉ ካንቶኖች (ክልሎች) የቱሪስት ቦታዎች ብቻ ነው። ለመላው አገር በዓመት 1,500 ፈቃድ ነው ያለው፣ ስፋቱም በመርህ ደረጃ ከ200 ካሬ ሜትር አያልፍም።