የወንድሜ የትከሻ አጥንት ኢንፌክሽን፦ የትኛውን ቀዶ ሕክምና እንምረጥ?

የተከበራችሁ የአጥንት ሐኪሞችና በዚህ ሕመም ያለፋችሁ ወገኖች፣

የ34 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከ2 ዓመት በፊት ከሞተር ብስክሌት ወድቆ የክንዱ አጥንት ትከሻው ሥር ስለተሰበረ በቀዶ ሕክምና ብረት ተገጥሞለት ነበር። ቁስሉ ከዳነ ከጥቂት ወራት በኋላ ብብቱ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ መግል ማፍሰስ ጀመረ፤ አንቲባዮቲክ ሲወስድ ይደርቃል፣ ሲያቆም ይመለሳል፤ ሸሚዙ ላይ የሚደርቀውን ቢጫ እድፍ በየጠዋቱ የማጥበው እኔ ነኝ።

ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ የሞተው አጥንት ደም ስለማይደርሰው መድኃኒቱም አይደርሰውም፤ ስለዚህ ብረቱን አውጥቶ የሞተውን ክፍል መጥረግና አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ (ለቀዶ ሕክምና የሚውል መሙያ) ለጊዜው ማስቀመጥ ግድ ነው። ያስጨነቀን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኢንፌክሽኑ መጥፋቱ ሲረጋገጥ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይግባለት ወይስ ክንዱ ከትከሻው አጥንት ጋር በቋሚነት ይያያዝ? ማያያዙ ሕመሙን ቢያስታግስለትም፣ አናጢ በመሆኑ እጁን ከራሱ በላይ ማንሳት ካልቻለ እንጀራው ይነካል፤ ሰው ሠራሹ ደግሞ ዳግም እንዳይመረዝ እንፈራለን።

ትከሻውን የሚሸፍነውና ክንዱን የሚያነሳው የዴልቶይድ ጡንቻው መሳሳት ምርጫውን ይለውጠው እንደሆነ፣ እንዲሁም ተሕዋሲው በናሙና እንዲለይ አንቲባዮቲኩን ከቀዶ ሕክምናው ስንት ቀን አስቀድሞ ስለማቆም ሐኪሙን እንዴት ብንጠይቅ እንደሚሻል እባካችሁ ምከሩን።