11.6 ኢንች፣ 4 ራም፣ 64 ጊጋ፦ ለማስተርስ ይበቃኛል?

የደብረ ብርሃኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ለፋሲካ ይመጣል። «ላፕቶፕ ላምጣልሽ» ብሎ ሊገዛው ያሰበውን በቴሌግራም ላከልኝ። 11.6 ኢንች፣ ፕሮሰሰሩ ሴሌሮን ኤን4020፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ (ፋይል የሚቀመጥበት)። ክብደቱ 1 ኪሎ ከትንሽ ነው።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባ እማራለሁ። በየሳምንቱ 130 ኪሎ ሜትር ሄጄ 130 እመለሳለሁ። አሁን የምይዘው የወንድሜን ባለ 15.6 ኢንች ነው። ከነቻርጀሩ 3 ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ባትሪውም ስለሞተ ክፍል ውስጥ ሶኬት አጠገብ ለመቀመጥ ከሁሉም ቀድሜ መግባት አለብኝ። የምሠራበት ወርድ፣ ኤክሴል፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ፣ አንዳንዴ ዙም ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመጠይቅ መረጃ መተንተኛው ኤስፒኤስኤስ ይከተላል። ስጦታ ስለሆነ ይቅርብኝ ማለቱም ከብዶኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቸኮል፦
4 ራም? በ2018? ይቅርብሽ። ክሮም ብቻውን ይጨርሰዋል።

ራፖር ጸሐፊው፦
ወንድማችን ስሙን መስሏል። እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ክስና ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ልክ እንደዚህ ያለ ላፕቶፕ ከያዝኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ብራንዱን ተዪው፤ በዚህ ዋጋ ያሉት ሆዳቸው አንድ ነው።

መጀመሪያ የወደድኩለትን ልንገርሽ። ፋን የለውም። ፕሮሰሰሩ 6 ዋት ገደማ ብቻ ስለሚፈጅ ያን ያህል አይግልም። ለቢሮ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። እኔ ግን አቧራ ላይ ነው የምውለው። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ትልቁን ይዞ በየጊዜው ፋን ያስጠርጋል፤ የኔ አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም። ጠዋት 2፡30 ላይ ሥራ እጀምራለሁ፣ ባትሪው እስከ 8 ሰዓት ያደርሰኛል። መብራት ጠፋ አልጠፋ አልሰማም። ዝናብ ሲመጣ ኮቴ ውስጥ ሸጉጬው እሮጣለሁ። የባልደረባዬን ግን ሁለታችን ነን የምናነሳው (ትንሽ አጋነንኩ)።

አሁን ወደ ጉዱ። ስክሪኑ ብርሃኑ ደካማ ነው። ፀሐይ ካለ ባለጉዳዩ የጻፍኩለትን ማየት አይችልም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ፣ ሰልፉ በሙሉ ጉዳዩን ይሰማል። አንቺ ክፍል ውስጥ ስለሆንሽ እሱ አያሳስብሽም። ኤክሴል ላይ ሁለት ፋይል ጎን ለጎን ከፍቶ ማስተያየት ግን እርሺው፤ የስክሪኑ ጥራት 1366 በ768 ነው፣ ዓይንሽ ይለቅማል።

ሁለተኛ፣ አንድ ሥራ ብቻ ስጪው። ወርድ ላይ እየጻፍኩ ዩቲዩብ ላይ መዝሙር ልስማ ካልኩ ፊደሉ ከጣቴ ኋላ ነው የሚመጣው። መዝሙሩን ከስልኬ እሰማለሁ፣ ተስማምተን እንኖራለን።

ያቃጠለኝ ግን ቦታው ነው። 64 የሚሉሽ ስትከፍቺው 58 ገደማ ነው። ዊንዶውስና ኦፊስ ግማሹን ያህል ይይዙታል። አምና ሐምሌ መጨረሻ፣ ፍርድ ቤት ሊዘጋ ሰሞን፣ አፕዴት ጀመረና ቦታ አጥቶ መሃል ላይ ቀረ። ፊቴ የቆሙት ሰውዬ የይግባኝ ጊዜያቸው የሚያልቀው የዚያን ቀን ነበር። እስክርቢቶ አወጣሁ። አምስት ገጽ በእጄ ጻፍኩላቸው፤ ጣቴ ሁለት ቀን አመመኝ። ከዚያ ወዲህ ፋይሎቼን ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው የማስቀምጠው። አፕዴት ሲመጣም ባዶ ፍላሽ ሰክቼ ነው፤ ቦታ ሲያንሰው ዊንዶውስ ራሱ ፍላሹን ልጠቀም ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ረስቼ። ኤስ ሞድ ከሚሉት ጋር ከመጣ፣ ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጪ ያለ ፕሮግራም አይቀበልሽም። የኔ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝን እምቢ ሲል ተሸውጃለሁ ብዬ ነበር። የእህቴ ልጅ እዚያው ስቶር ገብቶ ከኤስ ሞድ በነፃ አወጣልኝ። አንዴ ከወጣ ወደ ኤስ ሞድ አይመለስም። አይመለስ! ፒችትሪሽንም እንዲሁ ነው የሚያደርግሽ።

የደብረ ብርሃኗ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አምስት ገጽ በእጅ! ዙምና ኤስፒኤስኤስስ?

ብየዳ፦
ጥገና ቤት አለኝ፣ እኔ ልመልስልሽ። ዙም ብቻውን ከሆነ ይሄዳል። ስላይድ እያሳየሽ፣ ካሜራ ከፍተሽ፣ ክሮም ላይ አሥር ገጽ ደርድረሽ ከሆነ ግን ይንቀረፈፋል። ኤስፒኤስኤስ ደግሞ በትንሹ 4 ጊጋ ራም ነው የሚጠይቀው። ያንቺ በሙሉ ማለት ነው። ሦስት መቶ አራት መቶ መጠይቅ ይሠራልሻል፤ ሌላውን ሁሉ ዘግተሽ።

ዋናው ነገር ፍጥነቱ አይደለም። በእነዚህ ላፕቶፖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ራሙም ኢኤምኤምሲውም ቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው፣ እንደ ስልክ። «8 አድርግልኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም። ሻይ ጋብዤ እመልሰዋለሁ።

ገና ካልገዛ፣ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይይልሽ። እዚያ ዋጋው ከዚህኛው ብዙም አይርቅም። ለምሳሌ ዴል ላቲቲዩድ 7290፦ 12.5 ኢንች፣ 1.2 ኪሎ ገደማ። ራሙም ኤስኤስዲውም (ፋይል ማስቀመጫው) ይቀየራል። 8 ራምና 256 ኤስኤስዲ ያለው ይፈልግ። ፋን ግን አለው፣ ለራፖር ጸሐፊያችን አይሆንም።

ፕሮሰሰሩ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች እንዳይሆን። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ተቋርጧል፤ 11 ደግሞ ከጥቂቶቹ በቀር 7ኛውንና ከዚያ በታች ያሉትን አይቀበልም። የሚገርመው ያንን ደካማ ሴሌሮን ይቀበለዋል። የባትሪው አቅም ስንት እንደቀረው ሻጩን ይጠይቅ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚያሳፍረው እሱ ጋ ነው። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ካለ ደግሞ እዚህ የሚያስፈልግሽ የሶኬት አዳፕተር ብቻ ነው።

የደብረ ብርሃኗ፦
ደወልኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ከአሜሪካ ያገለገለ ዕቃ ይዤ ብመጣ እናቴ ምን ትለኛለች?» አለ። አክስቴን እኔ እነግራታለሁ አልኩት። እያፈላለገ ነው።

ቸኮል፦
አላልኩም?