አስቸኳይ፦ የስፓኒሽ ካርዶቼ ላይ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ታትሟል

የቤዛ እናት፦ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የልጄን ክፍል ልጆች ይዘን በሎስ አንጀለስ ጥንታዊ አደባባይ አጠገብ ኦልቬራ ጎዳና እንገኛለን። ስለ ከተማዋ መሥራች ሰፋሪዎች የሚናገሩትን የታሪክ ካርዶች በአንድ በኩል በስፓኒሽ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ ማተሚያ ቤት ሰጥቼ ነበር። አሁን ስረከብ እንግሊዝኛው ደህና ነው፤ በስፓኒሹ በኩል ግን ምልክት ያለበት ፊደል ሁሉ ሳጥን ሆኗል። ሆሴ፣ ማሪያ የሚሉት ስሞች ሳይቀሩ ተበሳስተዋል። ስፓኒሹን ልታነብልኝ የነበረችው እናት ደግሞ ታማ ቀረች። የእኔ ስፓኒሽ ከሰላምታ አያልፍም።

የፌርፋክሱ፦ 3 ሰዓት በእኛ ነው በእነርሱ? በእነርሱ ከሆነ ልጆቹን ከነፒጃማቸው ነው የምትወስጃቸው።

ቁልፍ ሠሪው፦ አንቺ የተጠቀምሽበት የፊደል ቅርጽ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የለም ማለት ነው። ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪው፤ ቅርጹ አብሮ እንዲገባ የሚለውን ምርጫ አትለፊው። ከመላክሽ በፊት በስልክሽ ከፍተሽ እዪው። እዚያም ሳጥን ከታየ የመረጥሽው ቅርጽ ራሱ እነዚያ ፊደሎች የሉትም፤ ጽሑፉን በሙሉ ወደ ኤሪያል ቀይረሽ እንደገና ሞክሪ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ወደ ሳጥኑ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ሁለቱ ቋንቋዎች በዚያ አገር ጎን ለጎን መቆም የጀመሩት ትናንት አይደለም። ካሊፎርኒያ ከሜክሲኮ እጅ የወጣችው በ1848 ነው፤ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። በ1849 የወጣው ሕገ መንግሥቷ ሕግ ሁሉ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ እንዲታተም ያዝዝ ነበር። በ1879 ሌላ ሕገ መንግሥት ተተካና ትእዛዙ ቀረ። በ1998 መራጩ ሕዝብ በትምህርት ቤት በሁለት ቋንቋ ማስተማርን በእጅጉ ገደበው፤ በ2016 ያው ሕዝብ ገደቡን አነሣው። ይህን ለልጆቹ ሳይነግሩ ካርድ ማደል...

የፌርፋክሱ፦ ጋሼ፣ ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

ዘውዱ፦ እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። የእኛ ልጆች አድዋን በቅጡ ሳያውቁ ስለ ሜክሲኮ ሰፋሪዎች በስፓኒሽ ምን ያደርግላቸዋል? አማርኛውን አስቀድሚ።

የቤዛ እናት፦ ወንድሜ፣ ክፍሉ የእኔ አይደለም። 4ኛ ክፍል ናቸው፤ ዘንድሮ የሚማሩት የካሊፎርኒያን ታሪክ ነው። ግማሾቹ ቤታቸው ስፓኒሽ የሚነገርባቸው ናቸው፣ ትምህርታቸውም በሁለቱ ቋንቋ ነው። የወላጅ ተራ ደርሶኝ ነው። ፒዲኤፉን እየሞከርኩ ነው።

ሐረግ፦ አቶ ዘውዱ፣ ከፌርፋክሷ ትንሿ ኢትዮጵያ ጥቂት ወደ ደቡብ ወረድ ቢሉ ፒኮ ጎዳናን ያገኛሉ። የተሰየመው በፒዮ ፒኮ ነው፤ ካሊፎርኒያ በሜክሲኮ ሥር ሳለች የመጨረሻው ገዥ የነበረ፣ የአፍሪካ ደም ያለበት ሰው። ለእኛ ልጆችም ሩቅ አይደለም።

አንቺ ደግሞ እህቴ፣ እኔ የማስተምረው እንዲህ ዓይነት ክፍል ነው። የካርዱ ሁለት ገጽ አንድ ዓይነት ነገር ከተናገረ ልጁ የሚቀለውን አንብቦ ሌላውን አይገልጠውም። መረጃውን ክፈይው። ለምሳሌ ከሰፋሪዎቹ አንዱን፣ ሉዊስ ኪንቴሮን ውሰጂ። የስፓኒሹ ካርድ ልብስ ሰፊ እንደነበረ ይናገር፤ የእንግሊዝኛው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እንደመጣና በመዝገቡ ጥቁር ተብሎ እንደተጻፈ ይናገር። ሁለቱን ካርድ ለሁለት ልጆች ስጪና «ይህ ሰው ማን ነው?» በያቸው። ሳይነጋገሩ አይመልሱም። አደባባዩ ላይ የሰፋሪዎቹ ስም ከነዘራቸው ተጽፎ አለ፤ እዚያ ሄደው ያመሳክሩ። በመስከረም 1781 ከተማዋን የመሠረቱት 44 ሰዎች ሲሆኑ ግማሾቹ ልጆች ነበሩ፤ ያንን ስትነግሪያቸው ጆሯቸው ይቆማል።

አንድነት፦ ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪው፣ ችግሩ እሱ ነው።

ቁልፍ ሠሪው፦ አመሰግናለሁ አንድነት፣ እኔም እንዲያ ብዬ ነበር።

ሰናይት ዘ ሎስ አንጀለስ፦ ገበያውን የ1781 አድርገሽ እንዳታቀርቢው። ኦልቬራ የሜክሲኮ ገበያ ሆኖ የተከፈተው በ1930 ነው። ጥንታዊው አቪላ አዶቤ ነው፤ በ1818 የተሠራ የጭቃ ጡብ ቤት፣ ከተማው ውስጥ እስከ ዛሬ ከቆሙት መኖሪያ ቤቶች ሁሉ የሚቀድም። ከሰፋሪዎቹ በፊትም ያንጋ የሚባል የቶንግቫ ሕዝብ መንደር በአካባቢው ነበር። ሁለት ቋንቋ ብላችሁ የሦስተኛውን ባለቤት አትርሱት። ሌላም አለ፦ ጎዳናው ላይ ከሌላው ንጣፍ የተለየ የጡብ መስመር ታያላችሁ። ከወንዙ ለከተማዋ ውሃ ያመጣ የነበረው ቦይ፣ ሳንሃ ማድሬ፣ ያለፈበት ነው። ልጆቹን በእሱ ላይ አስኪጃቸው፤ ከካርድ ይልቅ እግራቸው ያስታውሳል።

እማማ ጦቢያ፦ ንባቡ አያስጨንቅሽ፣ ለራስሽ በፊደላችን ጻፊው። እኔ ከስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤቶቼ ጋር የተግባባሁት እንዲያ ነው። አናባቢያቸው አምስት ብቻ ነው፣ ሁሉም እኛ ዘንድ አሉ። ያች ላይዋ ላይ ሞገድ ያለባት ኤን ልክ የእኛ «ኘ» ናት። «ጄ»ን እንደ «ኸ» ጥሪያት፣ «ኤች»ን ዝለያት፣ ሁለት «ኤል» ሲደረደር «የ» በይ። አሜሪካኖቹ የሚቸገሩበትን «ረ»ን አንቺ ምንም አትቸገሪበትም።

የፌርፋክሱ፦ እኔ ብሆን እንደገና አላሳትምም። እስክሪብቶ አድላለሁ፣ ስፓኒሽ የሚያውቁት ልጆች ሳጥኑን ይሙሉ፣ ሌሎቹ ይገልብጡ። ማተሚያ ቤቱ የነጻ መልመጃ ሰጥቶሻል።

ሐረግ፦ እየቀለደ ነው፤ ግን አድርጊው። ስፓኒሽ በቤታቸው የሚናገሩት ልጆች ለአንድ ጠዋት አስተማሪ ይሆናሉ። አንድ ንጹሕ ቅጂ ብቻ ለራስሽ ያዢ።

ዘውዱ፦ የአድዋን ካርድ መቼ ነው የምታዘጋጁት?

አንድነት፦ በባቡር ከመጣችሁ ዩኒየን ጣቢያ ውረዱ፤ አላሜዳ ጎዳናን መሻገር ብቻ ነው። ፒዲኤፉ ሠራ?