ስልኬ ቤት ቀርቶ እኔ ደጅ ወጣሁ፦ ውሃ የማይበላው ወረቀት እንዴት ትሠራላችሁ?

የፍራንኮዋ ልጅ (ከአዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፍራንክፈርት ያላችሁ ጠፋች እንዳትሉኝ፣ ክረምቱን አዳማ እናቴ ጋ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ታህሳስ 2017 ነው። ለገና መጥቼ ነበር። ያኔ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አዳማም ይሰማን ነበር። ብርጭቆው ሰሐኑ ላይ ሲንጫጫ እየሰማን እንስቅ ነበር። ታህሳስ 26 ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ግን አልሳቅንም። ቁም ሳጥኑ በሩን ከፈተ። እናቴ «በስመ አብ!» ብላ ተነሳች። እሷን በክንዷ ይዤ፣ የ7 ዓመት ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ ግቢ ወጣን።

ስልኬ ቻርጅ ላይ ቀረ።

ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ነው። አንዷ «እስኪ ወንድምሽ ጋ ደውዪ፣ አዲስ አበባስ ደህና ናቸው?» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ጣቴ ቆመ። የወንድሜን ቁጥር አላውቀውም። የባሌንም አላውቀውም። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ልጅ እያለሁ የነበረው የቤታችን የመስመር ስልክ። እሱ ደግሞ ከተቆረጠ ስንት ዘመኑ!

ከዚያ ወዲህ የአደጋ ጊዜ ቦርሳ ማዘጋጀት ያዝኩ። ባትሪ፣ ውሃ፣ መድኃኒት፣ ፊሽካ፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያወራዋል። ስልክ ቁጥርና የጤና መረጃ ስለሚጻፍበት ወረቀት ግን የሚያወራ አላገኘሁም። ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሁለት ጊዜ ስለተበላሸብኝ ልንገራችሁ፣ እናንተም የምታውቁትን ጨምሩበት።

የመጀመሪያውን ፍራንክፈርት ቤቴ ባለው፣ በፈሳሽ ቀለም በሚሠራው ፕሪንተር አተምኩ። ኩራት በኩራት። ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጌ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው የእናቴ የደም ዓይነት ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል። የቤት ፕሪንተር ቀለም አብዛኛው በውሃ የሚሟሟ ነው። የሌዘር ፕሪንተሩ ግን ቀለም ሳይሆን ዱቄት ነው የሚጠቀመው። ያ ዱቄት ፕላስቲክነት አለው፣ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። ውሃ አያስለቅቀውም። ስለዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ በሌዘር አሳትሙ፣ ነገሩ አለቀ።

ሁለተኛውን እዚሁ አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ላሚኔት አስደረግኩ፣ ማለትም በሁለት ፕላስቲክ መሃል በሙቀት አሳሸግኩ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን ቸኮለ። ማሽኑ በደንብ ሳይሞቅ አስገባው። ፕላስቲኩ ላይ ነጣ ያለ ደመና ቀረ። ከዚያ በመቀስ ልክ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ቆረጠልኝ። አምሮ ነበር! ግን ፕላስቲኩ የሚያያዘው ከፕላስቲክ ጋር ነው። ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ከወጣ ውሃ በዚያ በኩል ይገባል። በሳምንቱ እንደ ቂጣ ተላቀቀ። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ወረቀቱን እቆርጣለሁ፣ ከዚያ ላሚኔት አስደርጋለሁ፣ በዙሪያው ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ብቻ አስተርፋለሁ። ለገመድ የምበሳው ቀዳዳም እዚያው ባዶው ፕላስቲክ ላይ ነው። ማዕዘኖቹን ክብ አደርጋቸዋለሁ፣ አለበለዚያ ቦርሳውን ይቀድዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ምን ይጻፍበት?

መጀመሪያ ለራሴ የምጽፍ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ይሄን ወረቀት የሚያነበው እኔን መንገድ ላይ ወድቄ ያገኘኝ ሰው ነው። አዳማ ላይ ከሆነ የባጃጅ ሹፌር፣ ፍራንክፈርት ላይ ከሆነ የአምቡላንስ ነርስ። ስለዚህ አንዱ ገጽ አማርኛ፣ ሌላው ገጽ ጀርመንኛ ሆነ። ቁጥሮቹን ሁሉ በአገር ኮድ ጻፍኳቸው፣ +251 እና +49። ያለ ኮዱ ቁጥሩ ግማሽ ነው። አዳማ የተጻፈ የ022 ቁጥር ፍራንክፈርት ላይ ለማን ይደወላል? እዚህ ለአምቡላንስ የቀይ መስቀሉን 907፣ ለፖሊስ 991፤ ጀርመን ለአምቡላንስና ለእሳት 112፣ ለፖሊስ 110።

የመድኃኒቱን ስም የካርቶኑን የንግድ ስም ሳይሆን ውስጡ ያለውን ነው የጻፍኩት። አምሎዲፒን (ለደም ግፊት)፣ ሜትፎርሚን (ለስኳር)። የንግድ ስሙ አገር ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

ሰዓቱ ደግሞ ጉድ ነው። እናቴ አምና እኔ ጋ መጥታ ሳለ ሐኪሙ 8፡00 እና 20፡00 ብሎ ጻፈላት። እሷ 8፡00ን በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት አለችው፣ ከምሳ በኋላ ማለት ነው። 20 ሰዓት የሚባል ነገር ደግሞ እሷ ዘንድ የለም። አንድ ሳምንት ሙሉ በቀን አንዴ ብቻ ስትውጥ ሰነበተች። አሁን ካርዱ ላይ «ጠዋት ቁርስ ስትበዪ (2 ሰዓት)፣ ማታ እራት ስትበዪ (2 ሰዓት)» ነው የሚለው። በጀርመንኛው ገጽ 8፡00 እና 20፡00 ይቆያል። የልደት ቀንም እንደዚሁ ነው። ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ ሁለቱንም ጻፉ፤ የቱ የማን አቆጣጠር እንደሆነም ጭምር። በጭንቅ ሰዓት ማን ይደምራል?

አንድ ነገር ደግሞ፣ ፊደላችንን አታሳንሱት። ላቲኑ በ8 መጠን ሲነበብ የእኛ «ጨ» እና «ጬ» አንድ ጉንዳን ይሆናሉ። ከ11 በታች አልወርድም።

እስኪ እናንተስ?

ከቤሩት

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። እኛ ጋ ላሚኔት የሚባል ቅንጦት አልነበረም። በ2017 መስከረም የእስራኤልና የሂዝቦላህ ጦርነት ሲከፋ ማዳም (አሠሪዬ) ሻንጣዋን ይዛ ወደ ተራራ ወጣች፣ እኔ ቁልፍ ይዤ ቀረሁ። ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው። የተረፈኝ የፓስፖርቴ ፎቶ ኮፒና አንድ ቁራጭ ካርቶን ነበር።

በሰፊው ስኮች ሠራሁት። ከታች ስኮች፣ ከላይ ስኮች፣ ዙሪያውን አንቺ እንዳልሽው ባዶ ተረፍ አድርጌ። እስከ ዛሬ አለ። የጻፍኩት በተራ ቢክ ነው። በጄል እስክሪብቶ የጻፈችው ጓደኛዬ ላብ ብቻ አጠፋባት። እርሳስም ውሃ አይፈራም፣ እወቁት።

አድራሻውን በዐረብኛ ያጻፍኩት ከሕንፃው ሥር ያለውን ባለ ሱቅ ለምኜ ነው። እዚህ ሰፈሩን የሚያውቁት በሕንፃ ስምና በአቅራቢያው ባለ ነገር እንጂ በቁጥር አይደለም። «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ» የሚለው ዐረብኛ ነው ያዳነኝ። የቀይ መስቀሉን 140 ጨመርኩበት። የቀሚሴን ጠርዝ ፈትቼ ውስጡ ሰፋሁት። ቦርሳ ይወሰዳል፣ ቀሚስ ግን አብሮሽ ነው።

ተመላሽ (ከሐዋሳ)

እኔ ደግሞ የማይደረገውን ልንገራችሁ። ውጭ ልወጣ ስል ዋናውን የልደት ሰርተፍኬቴን ላሚኔት አስደረግኩት፣ ይቆይልኝ ብዬ። አንድ ቢሮ ይዤው ስሄድ ሰውየው በጣቱ ዳበሰው፣ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው፣ መለሰልኝ። ማኅተሙ አይዳሰስም፣ ጀርባው ላይ ሌላ ማኅተም ማሳረፍ አይቻልም። አዲስ ለማውጣት እንደገና ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሰውየው ላይ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ልክ ነው። ፕላስቲክ ለኮፒ ብቻ!

ደረሰኝም ላሚኔት አታድርጉ። የሱቅ ማሽን የሚያወጣው ወረቀት በሙቀት ነው የሚጻፈው። ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ይሆናል። የክሊኒክ ደረሰኜን እንዲያ አድርጌ እንደ ከሰል ነው የተቀበልኩት።

ጋሽ ከዴንቨር

ልጆቼ፣ ጥሩ ተጫወታችሁ። እኔ መኪናዬ ውስጥ አንድ፣ ኮቴ ውስጥ አንድ አለኝ። የመኪናውን ግን መስታወቱ ሥር አታስቀምጡት። ፀሐይ ባለቀለሙን ጽሑፍ ታነጣዋለች። ጥቁር ይሻላል።

ከጀርባው ምን ጻፋችሁ? እኔ ውሃ ማፍላቱን ጽፌአለሁ። ውሃው በደንብ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ግን 3 ደቂቃ ነው፣ ከፍ ባለ ቦታ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ። አንቺ አዳማ ስለሆንሽ 1 ደቂቃ ይበቃሻል። ወንድምሽ ግን አዲስ አበባ ነው ብለሻል፣ የእሱ ካርድ ላይ 3 ብለሽ ጻፊ።

የፍራንኮዋ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ለሁላችንም አንድ ዓይነት ልሠራ ነበር፣ እርስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ የወንድሜም 1 ደቂቃ ብሎ ይቀር ነበር። እኔ የጨመርኩበት ለተቅማጥ የሚሆነውን ነው። 1 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ለጥ ያለ ይሁን፣ ክምር አይደለም። ጨው ሲበዛ ለሕፃን አደገኛ ነው። ውሃ በበረኪና ማከሙን ሆን ብዬ ተውኩት። ጥንካሬው በየጠርሙሱ ይለያያል፣ አንድ ልክ ጽፎ መሄድ ያስፈራል። ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያው) ካላችሁ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ተከተሉ።

የቤሩቷ እህቴ፣ ያንቺን ለልጄ አነበብኩለት። የእሱን ካርድ እኔም ጃኬቱ ገበር ውስጥ ሰፋሁት። ስሙን ግን ከውጭ በሚታይ ቦታ አልጻፍኩም፣ የማያውቀው ሰው በስሙ እንዲጠራው አልፈልግም። ተመላሽ፣ ስለ ደረሰኙ አመሰግናለሁ፣ አንድ ይዤ ልሄድ ነበር።

አሁን የእናቴን ጉድ ስሙ። ሦስተኛውን ካርድ፣ ያማረውን፣ ገመድ አስሬ አንገቷ ላይ ላደርግላት ስል እጄን ያዘችኝ። «ምንድነው ይሄ፣ ክታብ ነው እንዴ?» አለች። ሳቄ መጣ። እውነቷን ነው ግን። ብራና ላይ ተጽፎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ፣ ዕድሜ ልክ አንገት ላይ የሚውል ጽሑፍ እኛ ጋ ስንት ዘመን ነበረ። እኔ በባልዲ ውሃ ስፈትን የነበርኩትን ጥንት የፈቱት ሰዎች ነበሩ።

«መቀነቴ ውስጥ ላድርገው» አለችኝ። የኤ ፎር ሩብ ነው፣ አይታጠፍም፣ ሆዷን ይወጋታል። ስለዚህ በመታወቂያ ልክ አሳንሼ ልሠራው ነው። ያኔ ጽሑፉን መቀነስ ግድ ሆነ። የትኛው ይውጣ ብዬ አማከርኳት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ቆም አለች።

«የእድሩ ዳኛ ስልክ የታለ?» አለች።

አልጻፍኩትም ነበር። አምቡላንስ፣ ፖሊስ፣ ፍራንክፈርት ያለ ሐኪም፣ ሁሉም አለ። ያን ሌሊት ደጅ ወጥተን ድንኳን የተከለልን፣ ሻይ ያመጣልን፣ እሷን ወንበር ፈልጎ ያስቀመጣት እድሩ ነበር። «907 ላይ ደውለሽ እስኪመጡ እነሱ ደርሰው ቡና አፍልተው ይጠብቁሻል» አለችኝ። የፍራንክፈርቱን ሐኪም አውጥቼ የእድሩን ዳኛ አስገባሁ።

ነገ እንደገና ፎቶ ኮፒ ቤት ነኝ። የእኔ ላሚኔት ቀጭኑ፣ ባለ 80 ማይክሮኑ ነበር። አዳማ ውስጥ ወፍራሙ፣ ባለ 125ቱ ያለው ቤት የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ እባካችሁ። ማሽኑን የሚያሞቅ ልጅ ያለበት ቢሆን ይመረጣል።